ደካማ አሲድ ጥቂት ቤዝ ይበቃዋል የሚሉ ተማሪዎችን እንዴት እናስተምር?

የጎጃም መምህር፦

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የማስተምረው በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንዴት ገለልተኛ እንደሚያደርግ የሚያስረዳውን ክፍል ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አስተምሬ ጨርሻለሁ። ተማሪዎቼ አሲድና ቤዝ ጨውና ውሃ እንደሚሰጡ በቃላቸው ያውቃሉ፤ እኩልታውንም ያመጣጥናሉ። ነገር ግን በክፍል ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ባቀርብላቸው ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሰጡ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር (ሞላር በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የአሲድ ብዛት መለኪያ ነው) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በሌላው ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ አለ፤ ገለልተኛ ለመሆን ብዙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚፈልገው የትኛው ነው? "እኩል ነው" ብለው የመለሱት በጣም ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት አሴቲክ አሲድ ደካማ ስለሆነ ጥቂት ቤዝ ይበቃዋል ብለው ጻፉ።

ከፈተናው በኋላ ሳነጋግራቸው መልሱ በግዴለሽነት የተጻፈ እንዳልሆነ ተረዳሁ። በ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ውስጥ ከመቶ ሞለኪውሎች ወደ አዮን የሚለወጠው ከአንድ ብዙም እንደማይበልጥ ያውቃሉ። የሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ፒኤች (ባነሰ ቁጥር አሲድነት መበርታቱን የሚያሳየው መለኪያ) 1፣ የአሴቲክ አሲዱ ደግሞ 2.9 ገደማ መሆኑንም ያውቃሉ። ከዚህ ተነሥተው "የሃይድሮጅን አዮኑ ጥቂት ከሆነ እርሱን የሚያጠፋው ሃይድሮክሳይድም ጥቂት ይሆናል" የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። አስተሳሰቡ መሠረት ያለው በመሆኑ ትክክለኛውን መልስ ነግሮ ማለፍ የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ በዐይናቸው አይተው ራሳቸው እንዲያርሙት እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤታችን ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ቱቦ) የለውም፣ ቀለሙን በመለወጥ አሲዱ ማለቁን የሚያመለክተው ፌኖልፍታሊንም አልቆብናል፤ ጥቂት የተከማቸ (በውሃ ያልቀጠነ) ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ግን አለን። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ እኔንም ለብዙ ዓመታት ያሳሰበኝ ነው። የችግሩ ምንጭ በአብዛኛው የምናስተምርበት ቅደም ተከተል ይመስለኛል። ፒኤችን አስቀድመን እናስተምርና ተማሪው የአሲድን ብዛትም ሆነ ኃይል በዚያ ቁጥር መለካት ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ የምንነግረው ሁሉ በዚያ ቁጥር በኩል ያልፋል። ፒኤች ግን የሚናገረው በዚያች ቅጽበት ነጻ ሆኖ ስለሚገኘው የሃይድሮጅን አዮን ብቻ ነው። አሲዱ በአጠቃላይ ስንት ሃይድሮጅን አዮን ሊያወጣ እንደሚችል አይነግረንም።

እኔ ለተማሪዎቼ እንዲህ እል ነበር። አንድ ሰው በኪሱ 10 ብር ይዞ ቤቱ ባለው ሣጥን ውስጥ 990 ብር አስቀምጧል፤ ሌላው ደግሞ 1000 ብሩን ሁሉ በኪሱ ይዟል። ኪሳቸውን ብቻ የሚያይ ሰው አንዱን ድኻ ሌላውን ሀብታም ይላል። አበዳሪ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ከኪሱ በከፈለ ቁጥር ከሣጥኑ እያወጣ ኪሱን ይሞላል፣ በመጨረሻም ሁለቱም የሚከፍሉት 1000 ብር ነው። አሴቲክ አሲድም ሃይድሮክሳይድ ነጻ አዮኖቹን በወሰደበት ቁጥር ካልተበተኑት ሞለኪውሎቹ አዳዲስ አዮኖችን ይለቃል፤ ይህም ሣጥኑ ባዶ እስኪሆን ይቀጥላል። ምሳሌው ከሙከራው በፊት ሳይሆን በኋላ ቢነገር የተሻለ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ፣ ሙከራውን ይሥራ፣ ግምቱ ሲፈርስ ይይ፤ ያኔ ምሳሌውን ሲሰማ ይይዘዋል።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦

መምህር፣ ቡሬትና ፌኖልፍታሊን ባይኖርም ሙከራው ይሠራል። እኛ በትምህርት ቤታችን የምንጠቀምበትን መንገድ በዝርዝር ልጻፍልዎ።

ለቤዝነት ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ ይጠቀሙ። በውሃ የጠፋውን (ውሃ ነክቶት ፈልቶ የበረደውን) ኖራ በብዙ ውሃ በጥብጠው፣ ጠርሙሱን ከድነው እስከ ማግሥቱ ያቆዩትና ከላይ የጠለለውን ንጹሕ ውሃ ቀድተው ይውሰዱ። በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ኖራው ከሥር እስከተረፈ ድረስ የብጥብጡ ጥንካሬ በራሱ የታወቀ ይሆናል፤ ሚዛን አያስፈልግም። የሃይድሮክሳይድ አዮኑ መጠን በሊትር 0.046 ሞል ገደማ ይሆናል።

ለደካማ አሲድነት የገበያ ኮምጣጤ ይበቃል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንዱን እጅ ከ19 እጅ ውሃ ጋር ሲያቀጥኑት 0.042 ሞላር ገደማ አሴቲክ አሲድ ያገኛሉ። ለንጽጽር የሚሆነውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ከተከማቸው 37 በመቶ አሲድ 3.5 ሚሊ ሊትር ወስደው አንድ ሊትር እስኪሞላ በማቅጠን ያዘጋጁታል። ይህን ተማሪ አይሥራው፤ መነጽርና ጓንት አድርገው እርስዎ ይሥሩት፤ ሁልጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም።

አመልካቹ እርድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ እርድ በአልኮል በጥብጠው ያጥሉት። ቢጫው ቀለም ፒኤች ከ7.4 እስከ 8.6 ባለው ክልል ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ለቡሬት ፈንታ መርፌ የሌለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። ከእያንዳንዱ አሲድ 10 ሚሊ ሊትር በነጭ ስኒ ውስጥ አድርገው፣ ጥቂት የእርድ ጠብታ ጨምረው፣ የኖራውን ውሃ በሲሪንጅ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ሁለቱም ቀለማቸውን የሚለውጡት 9 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይ ነው። ኮምጣጤው በፋብሪካው ምክንያት ከ5 በመቶ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ንጽጽሩ ስለሚዛባ፣ አስቀድመው በራስዎ ሞክረው የሃይድሮክሎሪክ አሲዱን በእርሱ ልክ ያስተካክሉት።

የአዲስ አበባ መምህርት፦

ለተሰጠው ዝርዝር እጅግ አመሰግናለሁ። እኔ ለዚሁ ትምህርት የምጠቀመው በከርከዴ ነው፤ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ቀለም በአሲድ ውስጥ ደማቅ ቀይ፣ በቤዝ ውስጥ አረንጓዴ ስለሚሆን ልጆቹን በጣም ይስባቸዋል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። እርድ ከዚህ የሚሻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦

እኅቴ፣ ከርከዴ አንድ ነገር አሲድ ነው ወይስ ቤዝ የሚለውን ለመለየት ከእርድ ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። እርድ በሎሚም ሆነ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ያው ቢጫ ነውና አሲድን ከውሃ አይለይም። የመጨረሻውን ነጥብ ለመያዝ ግን ከርከዴ ያስቸግራል፤ ቀለሙ ከቀይ ወደ ፈዛዛ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚሄደው በሰፊ ክልል ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሆነ አንዱ ተማሪ "አሁን ተለወጠ" ሲል ሌላው "ገና ነው" ይላል። በተለይ ኮምጣጤ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። የኮምጣጤ ፒኤች በመጀመሪያም ከፍ ያለ ስለሆነና ቤዝ ሲጨመርበት ቀስ እያለ ስለሚወጣ፣ የከርከዴው ደማቅ ቀይ አሲዱ ገና ሳያልቅ ይፈዝዛል። ተማሪው በዚያ ቢያቆም ደካማው አሲድ በእውነት ጥቂት ቤዝ የወሰደ ይመስለዋል፤ ማለትም ልናርመው የተነሣነውን የተሳሳተ እምነት በገዛ ሙከራችን እናጸናለታለን ማለት ነው። በእርድ የሚታየው ለውጥ ግን ኮምጣጤውና ኖራው እኩል ከሚሆኑበት ነጥብ ጋር ይገጥማል፤ የዚያ ነጥብ ፒኤች 8.5 አካባቢ ነውና።

የአዲስ አበባ መምህርት፦

ይህ አሳማኝ ነው። እንዲያውም ሁለቱን አመልካቾች በአንድ ክፍለ ጊዜ ጎን ለጎን ብናቀርባቸው፣ "ቀለም ተለወጠ" ማለትና "አሲዱ አለቀ" ማለት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ትልልቆቹ ተማሪዎች ደግሞ ለእያንዳንዱ ቲትሬሽን (አሲድን በቤዝ እየለኩ እስኪያልቅ የመጨመር ሙከራ) አመልካች ለምን እንደሚመረጥ ከዚህ ይማራሉ። ሜቲል ኦሬንጅ ቀለሙን የሚለውጠው በ3.1 እና በ4.4 መካከል ነውና ለኮምጣጤ እንደማይሆን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ፦

በቀለም ላይ የተመሠረተው ሙከራ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ቴርሞሜትር ላለው ትምህርት ቤት በሙቀት የሚሠራ ሌላ መንገድ ልጨምር። 50 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከ50 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ሲቀላቀል ሙቀቱ በ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምራል፤ ኩባያው የሚያባክነው ሙቀት ስላለ ንባቡ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ሃይድሮክሎሪኩ በናይትሪክ አሲድ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱም በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቢተካ ውጤቱ ያው ነው። ምክንያቱ የትኛውም ጠንካራ አሲድ ከየትኛውም ጠንካራ ቤዝ ጋር ሲገናኝ በእውነት የሚካሄደው አጸግብሮት አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ የሃይድሮጅን አዮንና የሃይድሮክሳይድ አዮን ተዋሕደው ውሃ ይሆናሉ፣ በእያንዳንዱ ሞል ውሃም 57 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይለቀቃል። ሶዲየሙና ክሎራይዱ ከመጀመሪያውም እንደነበሩ በውሃው ውስጥ ይቆያሉ። ይህ የሙቀት እኩልነት ስቫንቴ አርኒየስ እ.ኤ.አ. በ1887 ያቀረበውን የአዮኖች ንድፈ ሐሳብ ከደገፉት ማስረጃዎች አንዱ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ተማሪዎቹን "50 እና 50 ሚሊ ሊትር በመቀላቀል ፈንታ 100 እና 100 ብንቀላቅል ሙቀቱ በስንት ዲግሪ ይጨምራል?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ 14 ይላሉ። ሙከራው ግን ያንኑ 7 ያሳያል፤ የተለቀቀው ሙቀት እጥፍ ቢሆንም የሚሞቀው ውሃም እጥፍ ነውና። ይህችን አንዲት ጥያቄ የተረዳ ተማሪ የተለቀቀውን ሙቀት ብዛትና መጠነ ሙቀትን አያምታታም፤ ያው ልዩነት በአሲዱ ብዛትና በፒኤቹ መካከል እንዳለ ለማየትም ቅርብ ነው። አሴቲክ አሲድ በተመሳሳይ ሁኔታ ሲሠራ የሚሰጠው ሙቀት ከሃይድሮክሎሪኩ ጥቂት ብቻ ያንሳል፤ ከመቶ አንዱ ሞለኪውል ብቻ ቢሳተፍ ኖሮ ግን ቴርሞሜትሩ ምንም ባላሳየ ነበር።

የአፈር ባለሙያ (አዊ)፦

እኔ መምህር አይደለሁም፤ በግብርና ነው የምሠራው። ሆኖም እዚህ የምትወያዩበት ጉዳይ እኛ በየቀኑ ከአርሶ አደሩ ጋር የምንወያይበት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። በአዊ፣ በጎጃም፣ በወለጋና በሌሎችም ከፍተኛ ዝናብ ባላቸው ደጋማ አካባቢዎች አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፤ በአገር ደረጃም ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ እንደተጎዳ ይገመታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የገብሱንና የስንዴውን ሥር ይጎዳል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔቱ ከአሲዱ ጋር ሲዋሐድ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ካልሲየሙም በአፈሩ ውስጥ ይቀራል። ለኖራ የሚሆን ገንዘብ ወይም ማጓጓዣ ያጡ ገበሬዎች ለምሳሌ በፋግታ ለኮማ ወረዳ መሬታቸውን ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ተክለውበት በከሰል መተዳደር ጀምረዋል።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስና፣ የሁለት ማሳዎች አፈር ፒኤች እኩል 5 ሆኖ ለአንዱ የሚያስፈልገው ኖራ ከሌላው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አሸዋማው አፈር ጥቂት ይበቃዋል። ሸክላ የበዛበትና ብስባሽ ያለው አፈር ግን በቅንጣቶቹ ላይ የያዘው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ገና ስላልተለቀቀ ፒኤቹ ላይ አይታይም፤ ኖራው ነጻውን ሲወስድ የተያዘው ይለቀቃል። ስለዚህ እኛ የኖራውን መጠን የምናሰላው ፒኤቹን ብቻ አይተን ሳይሆን የተያዘውን አሲድ በቤተ ሙከራ ለክተን ነው። ተማሪዎቻችሁ የገበሬ ልጆች ከሆኑ፣ በቲትሬሽን የሚማሩት ነገር ለአባታቸው ማሳ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚገባ ከሚወስነው ስሌት ጋር አንድ መሆኑን ንገሯቸው።

የጎጃም መምህር፦

ወንድሜ፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ስጦታ ነው። ከተማሪዎቼ የብዙዎቹ ወላጆች ኖራ ከወረዳ ወስደው ማሳቸው ላይ በትነዋል፤ ልጆቹም ራሳቸው ሲበትኑ ውለዋል። በኮምጣጤና በኖራ ውሃ የሚሠሩት ሙከራ ከዚያ ጋር ሲያያዝ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር መሆኑ ይቀራል። ከሁለት ማሳዎች አፈር አስመጥቼ በውሃ ከበጠበጥሁ በኋላ የኖራ ውሃ እየጨመርሁ ላሳያቸው አስባለሁ።

የአፈር ባለሙያ (አዊ)፦

ይቻላል፤ ነገር ግን አፈር እንደ ኮምጣጤ ወዲያው አይመልስም። የኖራውን ውሃ ጥቂት ጨምረው፣ በደንብ በጥብጠው፣ ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ያቆዩትና ከዚያ ይለኩ። ቀለሙ በጭቃው ውስጥ ስለማይታይ ከጠለለው ውሃ ላይ በፒኤች ወረቀት መለካት ይሻላል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ (ሐዋሳ)፦

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውይይታችሁን እየተከታተልሁ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ኮምጣጤውና ኖራው እኩል በሚሆኑበት ነጥብ ላይ ፒኤቹ 8.5 ነው ብላችኋል። አሲዱም ቤዙም አልቀው ጨውና ውሃ ብቻ ከቀሩ ፒኤቹ 7 መሆን አልነበረበትም?

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። "ገለልተኛ ሆነ" ስንል አሲዱና ቤዙ ያለ ትርፍ ተጣጥመው አለቁ ማለታችን እንጂ ውጤቱ ሁልጊዜ ፒኤች 7 ይሆናል ማለታችን አይደለም። የቀረው ጨው አሴቴት አዮን አለበት፤ አሴቴት ደግሞ ከደካማ አሲድ የመጣ ስለሆነ ሃይድሮጅን አዮንን መልሶ ለመያዝ ይፈልጋል። ጥቂቱን ከውሃው ላይ ሲወስድ ሃይድሮክሳይድ ይቀራል፣ ብጥብጡም በትንሹ ቤዛማ ይሆናል። አሞኒያን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብታደርጊው ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና ፒኤቹ ከ7 በታች ይወርዳል።

ማስረጃውን ከአካባቢሽ ሳትርቂ ታገኚዋለሽ። ከአፋር በግመል የሚመጣው አሞሌ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ከጠንካራ አሲድና ከጠንካራ ቤዝ የሚገኝ ጨው ስለሆነ በውሃ ቢሟሟ እርድን አይለውጠውም። ከሐዋሳ በስተሰሜን ከአቢያታ ሐይቅ የሚገኘው ሶዳ አሽ ደግሞ ሶዲየም ካርቦኔት ነው። እርሱም ጨው ነው፤ ነገር ግን ካርቦኔቱ ከደካማ አሲድ የመጣ ስለሆነ ብጥብጡ እርድን ወዲያው ያቀላዋል። የአቢያታና የሻላ ውሃ ቤዛማ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። መምህርሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ሁለቱን ጨዎች በክፍላችሁ ጎን ለጎን ሞክሯቸው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ (ሐዋሳ)፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ግልጽ ሆነልኝ። ታዲያ አሲድ ሰው ቆዳ ላይ ቢፈስ በቤዝ ገለልተኛ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው?

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦

በፍጹም አይደረግም፤ ይህን ሁሉም መምህር ለተማሪዎቹ ከሙከራው በፊት ሊነግራቸው ይገባል። የዩኒቨርሲቲው መምህር እንደገለጹት አጸግብሮቱ ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት ቆዳ ላይ ሲሆን በቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ይጨምራል። የሚጨመረው ቤዝም ልኩ ስለማይታወቅ ትርፉ ራሱ ይጎዳል። ቆዳም ሆነ ዐይን ላይ የፈሰሰ አሲድ በብዙ የሚፈስ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይታጠባል፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። በተጨማሪም ተማሪዎች በቤታቸው ሙከራውን ለመድገም ሲሉ የባትሪ አሲድ እንዳይነኩ፣ በረኪናንም ከኮምጣጤም ሆነ ከማንኛውም አሲድ ጋር እንዳይቀላቅሉ አስጠንቅቋቸው፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ገና ውሃ ያልነካው ኖራም ውሃ ሲያገኝ በኃይል ስለሚፈላ ለተማሪ አይሰጥም።

የጎጃም መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጪው ሳምንት ትምህርቱን እንዲህ ለማቅረብ ወስኛለሁ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ግምታቸውን ከነምክንያቱ ይጽፋሉ፤ ቀጥሎ በየቡድናቸው ኮምጣጤውንና ሃይድሮክሎሪክ አሲዱን በእርድና በኖራ ውሃ ይለካሉ፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱን ከግምታቸው ጋር አነጻጽረው ለምን እንደተለያየ ይከራከራሉ። እኔ የምናገረው ክርክራቸውን ከሰማሁ በኋላ ነው። ሎሚም እንጨምር የሚሉ ይኖራሉና በዚህ ላይ ምን ትመክሩኛላችሁ? የኖራውንስ ውሃ ከሳምንት በፊት ባዘጋጀው ይበላሻል?

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦

ሎሚውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ሲትሪክ አሲድ ከአንዱ ሞለኪውል ሦስት ሃይድሮጅን አዮን ስለሚሰጥ፣ በሞላሪቲ እኩል የሆነ ብጥብጥ ሦስት እጥፍ ቤዝ ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ቀን ሲገባ የኃይልና የብዛት ልዩነት ላይ ሌላ ጥያቄ ይደራርባል። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደካማ ሆኖ ሳለ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይበልጥ ቤዝ የሚፈልግ አሲድ መኖሩን ያዩበታልና።

የኖራው ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ከላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ያ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ በተፈጠረ ቁጥርም ብጥብጡ ይደክማል። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልተው አጥብቀው ከከደኑትና ከሥሩ ያልሟሟ ኖራ ከተዉበት ሳምንት ይቆያል። የሚያጠሉት ግን ሙከራው በሚሠራበት ጠዋት ይሁን፤ ከመጀመሪያው ክፍል የተረፈውንም ለከሰዓቱ ክፍል አይጠቀሙበት፣ አዲስ ይቅዱ።